የበግ ላት የሸተተች ዶቅዶቄ

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ አንድ ጎልማሳ በፒካፕ መኪና መጥቶ፣ በጆንያና በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለች ዶቅዶቄ ደጃፌ ላይ አወረደልኝ። ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋራዡን ለወንድ ልጄ ለቅቄ ራሴን በራሴ ጡረታ ካወጣሁ ወዲህ፣ የሐርጌሳ ሰው በየጓሮው የተጣለ አሮጌ ዶቅዶቄ ሲያገኝ ወደ እኔ ይልካል። አንዷን ዳሚ ሰፈር ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ነው ያገኘኋት፤ ሌላዋን አያሃ ሰፈር የልብስ ማስጫ አድርገዋት ነበር። ፈታትቼ አጥባለሁ፣ ዝገቱን እፍቃለሁ፣ የጠፋውን አፈላልጌ እተካለሁ። ስትነሳልኝ የሰፈሩ ወጣት በስልኩ እየቀረጸ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ልጄ መርየም፣ "አባ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ቁርአን ይቀራል፣ አንተ ቡሎን ትቀራለህ" ትለኛለች። ሁለቱንም እቀራለሁ ብያታለሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል፤ እጄም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልለመደም።

የዚያን ቀኗን ግን ገመዷን ፈትቼ ሽርጡን ገለጥ ሳደርግ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። የበግ ላት ነው። የቆየ፣ የሻገተ፣ ጉሮሮ የሚይዝ የላት ሽታ። በሞተሩ ክንፎች መሐል ጣቴን ሳስገባ ስቡ እንደ ሻማ ደርቆ እየተቀረፈ ወጣልኝ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና የዕቃ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ጎልማሳው ያመመኝ መስሎት ውሃ ላምጣልዎ አለኝ። ከዚያ እየተጫወትን፣ የአያቱ ቤት ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ስለሆነ ዶቅዶቄዋ ከጓዳ መውጣቷን፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱ ከቦረማ ጠቅልላ መመለሷን፣ ወደ እኔ የላከችውም እሷ መሆኗን ነገረኝ። "ለድሬዳዋው ሰውዬ ስጠው፣ እሱ ያውቃታል" ብላዋለች። የእናቱን ስም አልጠየቅሁትም። መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሰዉ ከስደት መመለስ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሐርጌሳ ሥራ አለ ሲባል ሰምቼ፣ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጌ መጣሁ። ሥራስ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ያልተሰበረ ነገር አልነበረም። ጣሪያ የሚባል ሁሉ ተነቅሎ ተወስዷል፣ በርና መስኮት የለም፣ ከግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ተመዝዞ ወጥቷል። ጠዋት ከአዛኑ ቀጥሎ የምሰማው የመዶሻ ድምፅ ነበር። አንዱ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሌላው ድንጋይ ይጠርባል፣ በር ያገኘው ጣሪያ ይፈልጋል፣ ጣሪያ ያገኘው በር ይፈልጋል። ሰው እንደዚያ ተጎድቶ እንደዚያ ሲሠራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ወይም ደግሞ ወጣትነቴ ይሆናል እንደዚያ ያሳየኝ፤ ሰው በሃያ አራት ዓመቱ ያየው ነገር ሁሉ ትልቅ ነው።

ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ግማሽ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ መጠገን ያዝኩ። ጣሪያ ያለውን ግማሽ ለዕቃዬ ለቅቄ እኔ ሌላው ግማሽ ላይ እኖር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆመው፣ በጠራ አማርኛ፣ "ከመሬት የወጣ ነገር ትጠግናለህ?" አሉኝ።

አደር ጃማ ይባላሉ። "አደር" ሶማሌ ለአባቱ ወንድምና ለተከበረ ታላቅ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው የጠራኋቸው። ድሬሰር፣ ማለት የሕክምና ረዳት፣ ነበሩ። በእንግሊዝ ሥራ ዶቅዶቄያቸው ከሐርጌሳ እስከ ገቢለይ ባለው ገጠር እየዞሩ ክትባት ሲሰጡ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። በስደቱ ጊዜ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተጠግተው ስለነበር አማርኛውን እዚያ ለመዱ። ባለቤታቸው እዚያው አርፈዋል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሆዳን፤ እሷማ ትምህርቷን በአማርኛ ነው የጨረሰችው።

ጦርነት ሊገባ ነው የሚለው ወሬ ሲበዛ፣ ሌላው ሰው ወርቁንና ሰነዱን ሲቀብር፣ አደር ጃማ ዶቅዶቄያቸውን ቀበሩ። ቡሎን በቡሎን ፈቷት፤ ግሪስ ስላልተገኘ የሁለት በግ ላት አቅልጠው ብረቱን ሁሉ ቀቡ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቀር አፈሰሱበት። ሻሲውን ከኩሽናው ወለል ሥር፣ ሞተሩን ከፍየሎቹ ጉረኖ ሥር፣ ጥቃቅኑን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አድርገው ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ቀበሩ። ሲመለሱ ቤቱ አራት ግድግዳ እንኳ አልነበረውም። መሬት ውስጥ ያለው ግን እንዳለ አለ። ፈንጂ የሚያጸዱት ሰዎች ግቢውን ካዩላቸው በኋላ በእርምጃቸው እየለኩ ራሳቸው ቆፍረው አወጡት። "የዘረፈኝ ሰው ከላይ ያለውን ወሰደ፤ ከታች ያለውን አላህ ጠበቀልኝ" አሉኝ።

ወደ ጋራዤ ልውሰዳት ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ከዚህ ግቢ የምትወጣው እኔን ጭና ነው አሉ። ስለዚህ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ የዕቃ ሳጥኔን ተሸክሜ እኔ መሄድ ጀመርኩ።

ሆዳን የቤታቸውን ግድግዳ ከፍርስራሹ ድንጋይ እየለቀመች ራሷ ትሠራ ነበር። ግድግዳው ያኔ ጉልበት ድረስ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እጇ ላይ ሲሚንቶ ደርቆ፣ ድንጋዩን አገላብጣ አይታ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚሆን ትመርጣለች። ሥራዋን ስታቆም ሻይ ታመጣልናለች፤ በግመል ወተት የፈላ፣ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት። አንዳንድ ቀን ላሖህ ይጨመርበታል፤ ከእንጀራ ያነሰ፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው፣ የሰሊጥ ዘይትና ስኳር ተደርጎበት ይበላል። እኔ ብርጭቆዬን ቶሎ አልመልስም። አንድ ቀን ጎኔ ቆማ ጠበቀችና፣ "አቦ አንተ የመጋላ ልጅ፣ የምትጠግነው ሞተሩን ነው ወይስ ብርጭቆውን?" አለችኝ፤ መጋላ ድሬዳዋ ያደግሁበት ሰፈር ነው። አባቷ ሳቁ። እኔ ቡሎን የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ወደድኳት። ሌላ ቃል የለውም። ሌሊት ተኝቼ የማስበው ስለ ፒስተን ከሆነ ውሸት ነው። ግን እኔ ማን ነኝ? በዚህ አገር ልጅ የሚጠይቅ ሰው አባቱን፣ አጎቶቹን፣ የአጎቶቹን ልጆች አስከትሎ ነው የሚመጣው። እኔ ያስከተልኩት የዕቃ ሳጥን ነው። ጎሳ የለኝ፣ ግመል የለኝ፣ ቆሞ የሚናገርልኝ ሽማግሌ የለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ያለውን ትንሽ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ የእኔ ትንሽ ነገር ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት ነበር።

አደር ጃማ ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቡሎኖቹን ከወተት ቆርቆሮው እያወጡ ያቀብሉኛል። በዓይናቸው አይመርጡም፤ በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ ይህ የፊት ጎማው ነው፣ ይህ የመቀመጫው ነው ይላሉ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። እኔ የልምድ ብዛት መሰለኝ። ሥራ ስንጀምርም ስንጨርስም ደጃፉ ላይ ይቆሙና ናሳ ሐብሎድን፣ ከከተማው ዳር ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን ተራሮች፣ ያያሉ። "ሁለቱም አሉ" ይላሉ። ሳይዘረፍ የቀረውን መቁጠራቸው መሰለኝ። እኔም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እነሱን የሚጭን መኪና አልተገኘም እላቸዋለሁ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጉ፣ ማለት የበልጉ ዝናብ፣ ገብቶ መንገዱን ሳያበላሸው በገቢለይ መንገድ እስካለችው አረብሲዮ ድረስ አንዴ መንዳት። የአረብሲዮን የዘይቱን አትክልት ቦታ ያወሩልኛል። መንገዱ ላይ ስላለ አንድ ትልቅ ግራር ያወሩልኛል፤ ሥሩ ስንት ሕፃን ከትበዋል፣ ስንት ቀን ምሳቸውን በልተው ጋደም ብለዋል። ማታ ማታ ስለያቸው ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ለጉ ትደርሳለች?" እኔም ኢንሻአላህ እላለሁ።

ደረሰች። አንድ ዓርብ ቀን ረፋዱ ላይ የቀረችኝን ሽቦ ላስር ሄድኩ። አደር ጃማ ቀደም ብለው ወደ መስጊድ ወጥተዋል፣ ሆዳን ገበያ ናት። ሽቦውን አሰርኩና፣ እስቲ ልሞክራት ብዬ ቤንዚን ጠብ አደረግሁባት። በእግሬ መታኋት፤ ዝም። ደግሜ ደጋግሜ መታኋት። ላብ በላብ ሆኜ ልተዋት ስል አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ከዚያ ዶቅ ዶቅ ዶቅ እያለች ግቢውን አናወጠችው። ነጭ ጭስ ወጣ። በሞተሩ ክንፎች መሐልና በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ላት ነደደና ግቢው ሁሉ እንደ ዒድ ቀን ሸተተ። አንዲት ጎረቤት ከፍርስራሹ በላይ ብቅ ብላ ምን እየጠበስክ ነው አለችኝ። ጭሱ እስኪጠራ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አቆይቼ አጠፋኋት።

ደስታዬ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ነገ ምን ብዬ እመጣለሁ?

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አስቦ አያደርገውም፤ እጁ ቀድሞ ያደርገውና ጭንቅላቱ በኋላ ይደርሳል። ማግኔቶው ውስጥ እሳቱን ለካንዴላው የምታቀብል፣ ከሽንብራ የማትበልጥ የከሰል ቁራጭ አለች። እሷ ከሌለች ሞተሩ በድን ነው። አወጣኋትና የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ማታ አደር ጃማ ሲጠይቁኝ፣ ማግኔቶው እሳት አይሰጥም፣ ዕቃ ከድሬዳዋ አዝዣለሁ አልኳቸው። ካንዴላውን በጣታቸው ነክተው፣ "አላህ ያምጣው" አሉ። እሳት አለመስጠቱ እውነት ነው። ውሸት ግማሹ እውነት ሲሆን ለሚዋሸው ሰው ይጣፍጠዋል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከድሬዳዋ የሚመጡት መኪኖች በየሐሙሱ ይገባሉ፤ እኔ በየሐሙሱ ዕቃው አልመጣም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሥራ ስለሌለኝ ድንጋይ ማቀበል ያዝኩ። ግድግዳው ከወገብ ወደ ደረት ደረሰ። ሆዳን ሁለቱን ክፍሎች የሕፃናት ማስተማሪያ እንደምታደርጋቸው፣ ጥቁር ሰሌዳ ከየት እንደሚገኝ፣ ድሬዳዋ ያስተማሯት መምህር ጠመኔ እንዴት እንደሚወረውሩ ታወራልኛለች። የድሬዳዋን የከዚራ ሰፈር ዛፎች እናነሳለን፣ የባቡሩን ጩኸት እናነሳለን። ነፋሱ ቆሞ ነበር፤ ከደቡብ በኩል ደመና ይሰበሰብና ሳይዘንብ ይበተናል፣ አየሩ ግን ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ኀፍረቱ እንዳለ ሆኖ እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ ከነዚያ ሦስት ሳምንታት የሚበልጥ ጊዜ አላሳለፍኩም።

አደር ጃማ ግን ዝምታ አበዙ። አንድ ቀን ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሱት። ሌላ ቀን የደጃፉን ድንጋይ ሳቱና በእጃቸው ግድግዳውን ያዙ። እርጅና ነው አልኩ። ፍቅር የያዘው ሰው የሚያየው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ተራሮቹ አዩ። ቆዩ። "ዛሬ አቧራ ነው" አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሌሊቱን ትንሽ አካፍቶ ነበር፤ ሰማዩ ታጥቧል። ናሳ ሐብሎድ ከመቼውም ይልቅ ቀርቦ፣ ድንጋዩ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቶ ይታያል። አቧራ የሚባል ነገር የለም። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ መጣብኝ፤ በጣት የሚለዩት ቡሎኖች፣ የፈሰሰው ሻይ፣ የሳቱት ድንጋይ፣ በየማታው "ለጉ ትደርሳለች?" የሚሉት። እኚህ ሰው የሚሽቀዳደሙት ከዝናቡ ጋር አልነበረም።

ከሰሏን ከኪሴ አወጣሁና ቦታዋ አስገባኋት። ዕቃው ደርሷል አልኩ። በሁለተኛው ምት ተነሳች። ሆዳን የግንብ ማንኪያዋን ጥላ ከግድግዳው በኩል እየሮጠች መጣች። አደር ጃማ ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ መሪዋን አገኙት፣ መቀመጫውን ዳሰሱት፣ እግራቸውን አንስተው ወጡባት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነዳጁን ሰጥ፣ ለቀቅ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ምንጊዜም አልረሳውም። ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ሞተሩ ዝቅ አደረጉ። አንድ ጊዜ ሳቡ። ደገሙ። ሞተሩን አጠፉት።

"ላቱስ?" አሉኝ። "የሁለት በግ ላት ነው የቀባኋት። መጀመሪያ ስትነድ መሽተት ነበረባት። ላቱ የነደደው መቼ ነው?"

ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም። "የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው፣ አደር። ዓርብ ዕለት።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አንደኛው ዓይናቸው በስደት መሄዱን፣ ሁለተኛው እየተከተለ መሆኑን ድሬሰር ስለሆኑ ራሳቸው ማወቃቸውን፣ ልጃቸው እንዳትከለክላቸው ለማንም አለመናገራቸውን በዝግታ ነገሩኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት መንገዱ ይታያቸው ነበር። ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቁኝም። ፊታቸውን ሆዳን ወደ ቆመችበት አዙረው፣ እኔን ግን እያነጋገሩ፣ "ልጅቷን ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር" አሉ። "ሰው መሆንህን አይቻለሁ። አሁን መንገዱን ማን ይሰጠኛል?"

ሆዳን የሸሚዜን ኪስ አየች። ከሰሏ ኪሱን አጥቁራው ነበር። "እሱን የሥራ እድፍ ነው ብዬ ነበር" አለች። ሄዳ ማንኪያዋን አነሳችና የቀረውን ሲሚንቶ ሳይደርቅ ለመጨረስ ጎንበስ አለች። ጀርባዋን አይቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ጠዋት ሄድኩ። አደር ጃማ ኮፊያቸውን አድርገው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "አንተ ትነዳለህ፣ እያየህም ትነግረኛለህ" አሉኝ። "ዛሬ ግን እንዳትዋሸኝ።"

ኋላዬ አስቀምጬ ወጣሁ። በገቢለይ መንገድ ያየሁትን ሁሉ ወደ ኋላ እየጮኽኩ ነገርኳቸው። ውሃ የጫነ አህያ አለ፣ አደር። የተቃጠለ ታንክ አለ፣ ፍየሎች ወጥተውበታል። ቆርቆሮ የጫነ መኪና እየመጣ ነው። ሁለት ሴቶች ወተት ይዘው መኪና ይጠብቃሉ። እሳቸው ጠመዝማዛውን ሁሉ ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ እኔ ሳልዞር እሳቸው ቀድመው ይዘነብላሉ። አንድ ቦታ ላይ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "በግራ በኩል ግራሯን እያት" አሉኝ። አቆምኩ። ጉቶው ብቻ ነበር የቀረው፤ በመጥረቢያ ተቆርጦ ግራጫ ሆኗል። አለች ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የትናንቱ ትዝ አለኝና፣ "ተቆርጣለች፣ አደር" አልኳቸው። ወርደው ጉቶው ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ለከሰል ወስደዋት ይሆናል አሉ፤ ሰው ምን ያድርግ፣ ስደተኛው ምን አንድዶ ይብላ። ተነስተን ሄድን።

አረብሲዮ ዘይቱን ገዛን። አደር ጃማ አንዱን ሳይበሉት ብዙ ጊዜ አሸተቱት። ስንመለስ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን፤ የጉ የመጀመሪያው ዝናብ ነው፣ ቀዩ አፈር እየሸተተ። ልጠለል ወይ ስላቸው፣ ንዳ አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው እንደነበር ያወቅሁት ቤት ስንደርስ ውሃው ከአገጫቸው ሲወርድ አይቼ ነው። ሆዳን አባቷን እጃቸውን ይዛ አስገባች። ሻይ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ልጠይቃት እችል ነበር ወይ? አባቷ እሰጥህ ነበር ብለዋል። ግን በየትኛው ፊቴ? ዛሬ፣ ነገ እያልኩ ዓመት አለፈ። ትምህርት ቤቷን ከፈተች፤ በደጃፉ ሳልፍ የሕፃናቱ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ የቦረማ መምህር አባቱንና አጎቶቹን አስከትሎ መጣ፣ ይዟት ሄደ። አደር ጃማ አራት ዓመት ኖሩ። ሰው እጃቸውን ይዞ ወደ መስጊድ ሲወስዳቸው መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ ገና ሳልናገር በእርምጃዬ ያውቁኝና፣ "የድሬው ልጅ፣ አላህ ይባርክህ" ይሉኝ ነበር። ይቅር ብለውኛል። የከበደኝም እሱ ነው።

አላህ ደግ ሚስት ሰጠኝ፣ ልጆችም ሰጠኝ፤ አላማርርም። ግን ከዚያ ወዲህ ያለቀ ሥራ ጋራዤ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። ደንበኞቼ ፈጣን ሰው ነው ይሉኛል። እኔ ፈጣን አይደለሁም።

ይችኑ ዶቅዶቄ አሁን በስተርጅናዬ ስፈታት ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሆዳን አባቷ ከሞቱ በኋላ እንደ እሳቸው አድርጋ ቀብታታለች። ክንፎቹ መሐል፣ ሰንሰለቱ ላይ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ አንዲት ቦታ ሳትዘል። ከሰሏን ደግሞ ለብቻዋ በጨርቅ ቋጥራ፣ እጀታው ላይ፣ ዓይኔ የማይስታት ቦታ አስራታለች። እንዳትጠፋ ነው ወይስ እንዳልሰርቃት፣ እስካሁን አላወቅሁም። ጨርቁን ስፈታ ለብቻዬ ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ፤ መርየም ስላልነበረች ማንም አላየኝም።

ዛሬ ጠዋት አለቀች። የውጭውን ብረት አጠብኩ፤ ክንፎቹ መሐል ያለውን ላት ግን አልነካሁትም። ከሰሏን ቦታዋ አስገባሁ፣ ቤንዚኑን ሞላሁ። የቀረው በእግር መምታት ብቻ ነው። አልመታኋትም። ልጇ ትቶልኝ በሄደው የስልኳ ቁጥር ደወልኩ።

"አለቀች" አልኳት። ስሜን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

"መቼ?"

"አሁን። ገና አላስነሳኋትም። ላቷም አልነደደም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከዚያ በዚያው በገንደ ቆሬ አማርኛዋ፣ "እንግዲያው ሳትነካት ጠብቀኝ። ከዐስር በኋላ እመጣለሁ" አለችኝ።

ዐስር ተሰግዷል። ሻዩን ራሴ አፍልቻለሁ፣ ቅርንፉዱ ሳይበዛበት አልቀረም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ ኪሱን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለት ወንበር አውጥቼ አንደኛው ላይ ተቀምጫለሁ። ዶቅዶቄዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች። አዲሶቹ ፎቆች መሐል በቀረችው ክፍተት ወደ ናሳ ሐብሎድ አያለሁ።

ሁለቱም አሉ።